አንድ ወንበር፣ 3 ገዥ፦ የጆርጂያው የ1946 ምርጫ እንዴት እንዲህ ሆነ?

ናቲ ዲኬተር፦

ሰላም ለቤቱ። እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ የገዥ ምርጫ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያለው ገዥው ብቻ አይደለም። ምክትል ገዥ ለብቻው፣ የግዛቱ ጸሐፊ ለብቻው፣ ጠቅላይ አቃቤ ህግ ለብቻው፣ ከዚያ የግብርና፣ የሠራተኛ ጉዳይ፣ የኢንሹራንስ፣ የትምህርት ኃላፊ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ሳየው "እነዚህን ገዥው ራሱ አይሾማቸውም እንዴ? እኛን ምን አደከሙን?" ብዬ ነበር። መልሱን ሳስስ የ1946ቱ ምርጫ ላይ ደረስኩ፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩጂን ታልማጅ የሚባል ቀይ የሱሪ ማንገቻ የማይለየው፣ የገበሬው ወዳጅ ነኝ ባይ፣ ጥቁሮችን መጥላቱን አደባባይ ላይ የሚሰብክ ፖለቲከኛ ነበር። ከዚያ በፊት 3 ጊዜ ገዥ ሆኖ ተመርጧል። በ1946 እንደገና ተወዳደረ። ያኔ ጆርጂያ የአንድ ፓርቲ አገር ናት፤ የዴሞክራቶችን ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበትን) ያሸነፈ ወንበሩን ያዘ ማለት ነው፣ የኖቬምበሩ ለወጉ ነው። ታልማጅ ጁላይ 17 ቅድመ ምርጫውን አሸነፈ። ኖቬምበር 5 ያለ ተቀናቃኝ ተመረጠ። ዲሴምበር 21 ሞተ። ሥልጣን የሚረከበው ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ነበር።

እና ማን ይግባ? 3 ሰው "እኔ" አለ።

አንደኛው የሥራ ዘመኑን የጨረሰው ገዥ ኤሊስ አርናል ነው። ህጉ ተተኪው በሥርዓቱ እስኪረከብ ቦታህ ላይ ቆይ ስለሚል አልወጣም አለ። ሁለተኛው በዚያው ምርጫ ምክትል ገዥ ሆኖ የተመረጠው ሜልቪን ቶምሰን ነው። የምክትል ገዥነት ቦታ በ1945ቱ ህገ መንግሥት የተፈጠረ ገና ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነበር። ሦስተኛው የሟቹ ልጅ ኸርማን ታልማጅ፣ የ33 ዓመት ጠበቃ፣ የአባቱን የምርጫ ዘመቻ የመራው። ልጅየው ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ኖቬምበር ላይ ጥቂት መቶ ሰዎች ስሙን በእጃቸው ወረቀቱ ላይ ጽፈውለት ነበር። የአባትየው ጤና ያሳሰባቸው ደጋፊዎች አስቀድመው የዘየዱት ዘዴ ነው።

ጃንዋሪ 15 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም የግዛቱ ምክር ቤት 161 ለ87 ኸርማንን መረጠ። ሰዎቹ ወደ ገዥው ቢሮ ሄደው በር ሰበሩ። አርናል አላውቃችሁም አለ። ከዚያ የበሩ ቁልፍ ተቀየረ፣ የገዥው መኖሪያ ቤትም ተያዘ። አርናል ቢሮ ሲያጣ ካፒቶሉ (የግዛቱ መንግሥት ሕንፃ) መሃል አዳራሽ ባለው የመረጃ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ግዛት ማስተዳደር ቀጠለ፣ እዚያ ደግሞ ርችት ጣሉበት። ጃንዋሪ 18 ቶምሰን ቃለ መሐላ ሲፈጽም አርናል ለቀቀለትና 3ቱ ገዥ 2 ሆኑ።

እኔን ግን ከሁሉም የገረመኝ የግዛቱ ጸሐፊ ቤን ፎርትሰን ነው። የግዛቱ ማኅተም በሱ እጅ ነው፣ ማኅተም ያልተመታበት ወረቀት ደግሞ ወረቀት ነው። ፎርትሰን የመኪና አደጋ ደርሶበት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የሚንቀሳቀሰው። ማኅተሙን ወንበሩ ትራስ ስር አድርጎ ቁጭ አለበት! ፍርድ ቤት እስኪወስን ማንም አላገኘውም። ለምን ለብቻው እንደሚመረጥ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የገዥው ሹም ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ዕቃህን ሰብስብ ይባል ነበር።

በሉ እስቲ።

ቡና ሰዓት፦

ሃሃሃ ተቀምጦበት! የኛ ቀበሌ ሊቀመንበር ማኅተሙን ኮት ኪሱ ከትቶ ለቅሶ ሲሄድ ስንት ቀን ተመላልሰናል። ለካ በዓለም ላይ ያለ ጥበብ ነው።

ሶስና፦

ናቲ አጻጻፍህ ደስ ይላል። ግን "ቅድመ ምርጫውን አሸነፈ" ብለህ ባንድ መስመር ያለፍከው ቦታ ላይ ነው ዋናው ጉድ። በሰው ቁጥር ታልማጅ ተሸንፏል እኮ! ጄምስ ካርማይክል 313,389 ድምፅ አገኘ፣ ታልማጅ 297,245። ልዩነቱ ከ16,000 በላይ ነው። ካርማይክል ማሪዬታ ያለውን የቤል የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ፋብሪካ የመራ ሰው ነው፣ አርናልም ይደግፈው ነበር። ሦስተኛው ተወዳዳሪ የቀድሞው ገዥ ሪቨርስ ነው፣ ከካርማይክል ድምፅ ቀነሰበት እንጂ የትም አልደረሰም።

ሁሉም ሰው የማኅተሙንና የተሰበረውን በር ወሬ ይወዳል። እኔም እወዳለሁ። ግን ያን በር ከመስበራቸው ከ6 ወር በፊት የተሰበረው ነገር አይወራም።

ናቲ ዲኬተር፦

ሶስዬ እሱን ላንቺ ነው የተውኩልሽ። ቀጥይበት።

ሊያ ኤም፦

ቆይ ቆይ። ብዙ ድምፅ ያገኘው ተሸነፈ? የፕሬዝዳንቱ አይነት ነገር በግዛት ደረጃም አለ ማለት ነው?

ፍሬው ከሕግ፦

ያኔ ነበር። የካውንቲ ዩኒት ይባል ነበር። ጆርጂያ 159 ካውንቲ፣ እንደኛ ወረዳ ማለት ነው፣ አላት። በ1917 በወጣ ህግ መሠረት በሕዝብ ብዛት ትልልቆቹ 8 ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ ቀጣዮቹ 30 እያንዳንዳቸው 4 ነጥብ፣ የቀሩት 121 ደግሞ 2 2 ነጥብ ይሰጣሉ። ጠቅላላው 410። ካውንቲው ውስጥ አንደኛ የወጣ ሰው ነጥቡን ጠቅልሎ ይወስዳል።

አሁን ደምሩት። 121 ትንንሽ ካውንቲዎች በ2 ሲባዙ 242 ነው። ከ410 ግማሽ በላይ! ታልማጅ በ1946 ያገኘው ነጥብም በአጋጣሚ 242 ነው። ካርማይክል 146፣ ሪቨርስ 22።

አትላንታ ያለችበት ፉልተን በ1940 ቆጠራ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ነበራት፣ 6 ነጥብ። ከፍሎሪዳ ጠረፍ ያለችው ኤኮልስ 3,000 ገደማ ሰው፣ 2 ነጥብ። 3 እንደ ኤኮልስ ያሉ ካውንቲዎች አትላንታን ያህላሉ ማለት ነው። ታልማጅ ይህን አሳምሮ ያውቅ ስለነበር የትራም ሐዲድ ባለበት ካውንቲ መመረጥ አልፈልግም እያለ ይፎክር ነበር። ከተማ መግባት ለሱ ጊዜ ማባከን ነው። የገጠሩን አደባባይ እየዞረ ባርቤኪው እያበላ ንግግር ያደርጋል፣ ይበቃዋል።

ሶስና፦

ፍሬው ተባረክ። አሁን ስለ ሰዎቹ ልጻፍ።

እስከ 1946 ድረስ የጆርጂያ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ለነጭ ብቻ ነበር። ኖቬምበር ላይ ጥቁር መምረጥ ይችላል፣ ግን ያለቀ ነገር ላይ ነው የሚመርጠው። ቅድም ናቲ እንዳለው ለወጉ። በጁላይ 1944 ፕራይመስ ኪንግ የሚባል የኮለምበስ ከተማ ሰባኪና ፀጉር አስተካካይ በቅድመ ምርጫው ልምረጥ ብሎ ሄደ፣ አስወጡት። ከሰሰ። ፈረዱለት፣ በይግባኝም ጸና፣ በ1946 ኤፕሪል መጀመሪያ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ሲል ነጭ ብቻ የሚባለው ነገር አበቃ። ሌሎች የደቡብ ግዛቶች መሸወጃ ህግ ሲፈልጉ አርናል ምክር ቤቱን ለዚህ አልጠራም አለ። በነገራችን ላይ አርናል በ1943 የመምረጫ ዕድሜን ወደ 18 ያወረደ፣ በ1945 የድምፅ መስጫ ግብርን ያስቀረ ሰው ነው።

ከዚያ በጥቂት ወራት ከ100,000 በላይ ጥቁር ጆርጂያውያን ተመዘገቡ። ብዙዎቹ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው። ታልማጅ ዘመቻውን የገነባው በዚህ ላይ ነው፤ ነጭ ብቻውን እመልሳለሁ አለ። የሱ ሰዎች ደግሞ ሌላ ሥራ ያዙ። የታተመ የመቃወሚያ ቅጽ በየካውንቲው አሰራጩ፤ "እገሌ ለመምረጥ ብቁ አይደለም" ብሎ ፈርሞ የሚያስገባ አንድ ሰው ይበቃል። በብዙ ካውንቲ ጥቁሮች በጅምላ ከመዝገብ ተሰረዙ። ኤፍቢአይ መርምሯል፣ የተቀጣ ግን የለም። አሁን ይህን ከነጥቡ ጋር አያይዙት። 2 ነጥብ ያላት ትንሽ ካውንቲ ውስጥ ጥቂት መቶ ስም መሰረዝ ካውንቲውን ሊገለብጥ ይችላል።

መሴዮ ስናይፕስ የሚባል ከጦርነቱ የተመለሰ ወታደር በቴይለር ካውንቲ ጁላይ 17 ሄዶ መረጠ። በማግስቱ ቤቱ ድረስ መጥተው ተኮሱበት፣ ከ2 ቀን በኋላ ሞተ። ጁላይ 25 ደግሞ ሙርስ ፎርድ ከሚባለው ድልድይ አጠገብ 2 ባልና ሚስት፣ 4 ሰው በጥይት ተገደሉ። አንደኛው እሱም ወታደር የነበረ ነው። በዚህም ማንም አልተፈረደበትም። ያን ሰሞን አንድ የ17 ዓመት የሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪ ለአትላንታ ኮንስቲትዩሽን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፣ እኛም የማንኛውም አሜሪካዊ ዜጋ መብት ይገባናል የሚል። ስሙ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው።

ስለዚህ "ኧረ 3 ገዥ ነበራቸው ሃሃ" ስንል ይሄ ከኋላው አለ።

መንገደኛ 7፦

እሺ ያሳዝናል፣ ግን እኛን ምን ይመለከተናል? ይሄ የነጭና የጥቁር የድሮ ጣጣቸው ነው። የራሳችን መች አለቀና።

ጋሽ መኮንን፦

ልጄ፣ እኔ ክላርክስተን ስገባ አንተ አልተወለድክም ይሆናል። ዲካልብ ካውንቲ ነው የምኖረው፣ ብዙዎቻችሁም እዚያው ናችሁ። ያኔ ዲካልብ ከነዚያ ባለ 6 ነጥብ 8 ካውንቲዎች አንዷ ነበረች። ያ ነገር ባይፈርስ ኖሮ ዛሬ አንተና እኔ እዚያ ረጅም ሰልፍ ቆመን የሰጠነው ድምፅ አንድ የጥድ ጫካ ውስጥ ያለች ካውንቲ ከምትሰጠው ሲሶ አይሆንም ነበር፣ ሲሶም በዛ። የድሮ ጣጣ አትበለው። ምዝገባን በቅጽ የመቃወም ነገርም አልቀረም፤ በ2021 የወጣው የጆርጂያ ህግ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል መራጭ መቃወም እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። አዲስ ዜጋ የሆናችሁ ስማችሁ መዝገብ ላይ በትክክል መጻፉን እዩ፣ የኛ ስም አጻጻፍ በየወረቀቱ ይለያያል።

መንገደኛ 7፦

ጋሼ ይቅርታ፣ ክፋት አስቤ አይደለም። የ2021ን አልሰማሁም ነበር።

ሊያ ኤም፦

እኔ አሁንም ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ምክትል ገዥ ተመርጧል። ገዥው ሞቷል። ምክትሉ ይገባል። የሚያጨቃጭቀው ምኑ ነው?

ፍሬው ከሕግ፦

ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ህገ መንግሥቱ ምክትሉ ይተካል የሚለው ገዥው ሲሞት ነው። ታልማጅ ግን ሲሞት ገና ገዥ አልነበረም፣ የተመረጠ ሰው እንጂ። ምክትሉም ያኔ ቃለ መሐላ አልፈጸመም። ስለ ተመርጦ ሳይረከብ ስለሚሞት ሰው የተጻፈ ነገር የለም። ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው።

የታልማጅ ሰዎች ሌላ አንቀጽ ይዘው መጡ። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ሰው ከሌለ ምክር ቤቱ ብዙ ድምፅ ካገኙት 2 ሰዎች መካከል ይመርጣል ይላል፣ ግን "በሕይወት ካሉት" የሚል ቃል አለበት። የነሱ ክርክር፦ ሟቹ ከቁጥር ይወጣል፣ የቀሩት ስማቸው በእጅ የተጻፈላቸው ናቸው፣ ከነሱ እንመርጣለን። አዩ እንግዲህ፣ 700 የማይሞላ ድምፅ ያገኘ ሰው ገዥ ሊሆን ነው።

የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርች 19 ቀን 1947 በ5 ለ2 ድምፅ ጣለው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዩጂን ታልማጅ ከግማሽ በላይ አግኝቷል። መሞቱ ያገኘውን ድምፅ አይሰርዘውም። ስለዚህ ምክር ቤቱ ውጤቱን ማወጅ እንጂ መምረጥ አይችልም። ተተኪ ስላልተገኘ አርናል በቦታው ይቆያል፤ አርናል ሲለቅ ምክትል ገዥው ይተካል። ጠቅላይ አቃቤ ህጉ ዩጂን ኩክም ከመጀመሪያው የቆመው ከነአርናል ወገን ነው። እሱም በራሱ የተመረጠ ነው፣ ናቲ ያልከውን ያጠናክራል።

ደረጀ ኤስ፦

እኔ ግን የኸርማንን ወገን ልያዝ፣ ሁላችሁም ባንድ በኩል ሆናችሁ። ምክር ቤቱ የሕዝብ ተወካይ ነው አይደል? 161 ሰው ድምፅ ሰጥቶታል። ታልማጅን የመረጠው ሕዝብ የፈለገው የታልማጅን ፖለቲካ ነው። ቶምሰን ደግሞ የአርናል ሰው ነው፣ ጸሐፊው የነበረ። መራጩ የሸኘውን ቡድን በምክትል በር አስገብቶ መመለስ ፍትሕ ነው? የታች ፍርድ ቤቶችም እኮ በዚህ ተከፋፍለው ነበር፤ ሁለት ዳኛም እስከ መጨረሻው ከኸርማን ጋር ነበር።

ሶስና፦

መራጩ የሸኘው? ከላይ አንብብ ደረጀ፣ መራጩ ካርማይክልን ነው የመረጠው። ነጥቡ ነው ታልማጅን የመረጠው። ያ 161 ሰው የተቀመጠበት ምክር ቤትም ያው ለገጠር ካውንቲዎች ያደላ ነው። በዚያ ላይ ቶምሰን ለምክትልነት በራሱ ተወዳድሮ ማርቪን ግሪፊንን አሸንፎ ነው የመጣው። ማንም በጓሮ አላስገባውም።

ደረጀ ኤስ፦

ያንቺ ክርክር ግን ቶምሰንንም ይነካል። እሱም ያሸነፈው በዚያው ቅድመ ምርጫ፣ በዚያው ነጥብ፣ በዚያው የተሰረዘ መዝገብ ነው። ሕጋዊ ካልሽ ሁሉም ሕጋዊ ነው፣ ካላልሽ ሁሉም አይደለም።

ሶስና፦

እሱ ላይ አልከራከርህም። ቶምሰን መልአክ ነው አላልኩም። ያን ጊዜ ነጭ ፖለቲከኛ ሆኖ የዘር መለያየትን በይፋ የተቃወመ ማግኘት ይከብዳል፣ አርናልንም ጨምሮ። ልዩነቱ አንደኛው ወገን የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ተቀበለ፣ ሌላኛው ጥቁርን ከመዝገብ ለማስወጣት ቃል ገብቶ ተመረጠ፣ ልጁም በነዚያ 2 ወራት ውስጥ ነጭ ብቻ የሚለውን ህግ ለመመለስ ሲሮጥ ነበር። ፍርዱ መጣና አልሆነለትም።

አቤል ትራክ፦

እንዴ ጎበዝ፣ ታልማጅ ማለት የሳቫናው ድልድይ ነው?? ከወደቡ ኮንቴይነር ጭኜ ወደ ሳውዝ ካሮላይና በ17 ቁጥር መንገድ ስወጣ የምሻገረው። ያን የሚያክል ገመድ የተወጠረበት ድልድይ። ስሙን ሰሌዳው ላይ እያየሁ አንድ ጀግና ወታደር ይሆናል ብዬ ነበር።

ናቲ ዲኬተር፦

እሱው ነው አቤሎ። የመጀመሪያው ድልድይ በ1950ዎቹ ነው የተሠራው፣ አሁን የምትሻገርበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተተክቶ ስሙ ቀጥሏል። ስሙ ይቀየር የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። ካፒቶሉ ግቢ ውስጥ ሐውልትም አለው።

በሉ የቀረውን ልጨምር፣ ይሄን ሳልነግራችሁ ብተኛ ያመኛል። ኖቬምበር ላይ በእጅ የተጻፈው ድምፅ መጀመሪያ ሲቆጠር ካርማይክል 669፣ ዲ. ታልማጅ ባወርስ የሚባል ሰው 637፣ ኸርማን 617 ነበር። ልብ በሉ፣ ኸርማን ከነዚህ መካከል ሦስተኛ ነው! ምክር ቤቱ የሚመርጠው ከ2 ነው፣ ስለዚህ ኸርማን የለበትም። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ሳለ ግን ተአምር ሆነ። ከቴልፌር ካውንቲ፣ የታልማጆች አገር ማለት ነው፣ 58 ያልተቆጠረ ድምፅ "ተገኘ"። ሁሉም ለኸርማን። 617 ሲደመር 58 ስንት ነው? 675። አንደኛ ወጣ።

ማርች ላይ የአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛ ጆርጅ ጉድዊን ቴልፌር ሄዶ የመራጮቹን ስም አንድ በአንድ አጣራ። አንዳንዶቹ የሞቱ ናቸው። አንዳንዶቹ ካውንቲውን ከለቀቁ ቆይተዋል። በሕይወት ያሉት ደግሞ ኧረ እኛ ያን ቀን አልመረጥንም አሉት። ከሁሉ የሚያስቀው መዝገቡ ላይ የመጡት በፊደል ተራ ነው! በኤ የሚጀምር ስም ያለው መጀመሪያ፣ ከዚያ ቢ፣ ከዚያ ሲ እያሉ ተሰልፈው። ጉድዊን በዚህ ዘገባ በ1948 ፑሊትዘር ተሸለመ።

ቡና ሰዓት፦

ሟቾቹ ከኛ የተሻለ ሥርዓት አላቸው፣ በፊደል ተራ!

ናቲ ዲኬተር፦

ቆይ ገና ነው። ሁለተኛ የነበረው ባወርስ ሥራው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የመቃብር ድንጋይ ሻጭ ነው።

ቡና ሰዓት፦

በቃ። ስልኬን አስቀመጥኩ።

ሊያ ኤም፦

ጉድዊን ያን ያሳተመው ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ነው? ያ ነው ያሸነፋቸው?

ፍሬው ከሕግ፦

ዘገባው የወጣው በዚያው ማርች ወር፣ ከፍርዱ በፊት ነው። ፍርዱ ግን በዚያ ላይ አልቆመም። ምክር ቤቱ የመምረጥ ሥልጣን የለውም ካልን 58ቱ እውነተኛ ቢሆኑም ባይሆኑም ለውጥ የለውም። ሕጋዊ ክርክሩ ማጭበርበሩን ሳይነካው ነው ያለፈው። እኔ በበኩሌ ዳኞቹ ነገሩን ቢነኩት ደስ ይለኝ ነበር፣ ዝም ሲባል የታለፈ ይመስላል።

ሊያ ኤም፦

እና ኸርማን ሲፈረድበት ወጣ? ወይስ እዚያም በር መሰበር ነበረበት?

ሶስና፦

ወጣ። በሰዓታት ውስጥ ነው ቢሮውን የለቀቀው። ወታደር አልጠራም፣ በሩ ላይ አልተጋደመም። ይሄን ልስጠው። 2 ወር ከጥቂት ቀን ነው የተቀመጠው። ቶምሰን ገብቶ እስከሚቀጥለው ምርጫ አስተዳደረ። ቶምሰን የሚታወስበት ሥራ የጄኪል ደሴትን ለግዛቱ መግዛቱ ነው፣ በ1947። ያን ጊዜ ተሳቀበት፣ አሁን ሁላችንም ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት ባሕር ዳርቻ ነው። ዋጋው ስንት መሰላችሁ? 675,000 ዶላር። የኸርማን 675 ድምፅ ወደኋላ 3 ዜሮ ጨምሮ መጣ።

ነገር ግን በ1948 ልዩ ምርጫ ተደረገና ኸርማን ቶምሰንን አሸነፈ። እስከ 1955 ገዥ ሆነ። ከ1957 እስከ 1981 ሴናተር። የዋተርጌቱን ምርመራ ያካሄደው ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጧል። በ1979 በገንዘብ አያያዙ ምክንያት ሴኔቱ ራሱ ወቀሰው፣ በ1980 ማቲንግሊ የሚባል ሪፐብሊካን አሸነፈው። በር ሰብሮ የገባ ሰው ከ30 ዓመት በላይ ፖለቲካ ውስጥ ኖረ።

ደረጀ ኤስ፦

ስለዚህ ሕዝቡ የሚፈልገው እሱን ነበር። እንዳልኩት።

ሶስና፦

የተመዘገበው ሕዝብ፣ በነጥብ ተቆጥሮ። ደረጀ ዛሬ አልላቀቅህም።

ጋሽ መኮንን፦

ልጆች፣ ነጥቡ እንዴት እንደወደቀ ማንም አልጻፈም። ጄምስ ሳንደርስ የሚባል የፉልተን መራጭ ከሰሰ። በ1962 የፌዴራል ዳኞች አገዱት፣ የዚያን ዓመት ቅድመ ምርጫ በሰው ቁጥር ተቆጥሮ ካርል ሳንደርስ አሸነፈ፣ ከሳሹና አሸናፊው የአባት ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። ማርች 1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ1 አጸናው። "አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ" የሚለውን ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ በዚህ ውሳኔ ላይ ጻፈው። ዛሬ በየሰልፉ የሚባለው ነገር ከጆርጂያ ገዥ ምርጫ ጋር እንዲህ ይያያዛል።

ግን ያ ምክር ቤቱ ይመርጣል የሚለው አንቀጽ አልተነካም። በ1966 ተመልሶ መጣ።

ፍሬው ከሕግ፦

ጋሼ እሱን ልጽፍ ስል ቀደሙኝ! ቀጥሉልን።

ጋሽ መኮንን፦

አንተ ጨርሰው፣ ዓይኔ ደከመ።

ፍሬው ከሕግ፦

እሺ። በ1966 ሪፐብሊካኑ ቦ ካላዌይ ከዴሞክራቱ ሌስተር ማዶክስ በ3,000 ገደማ ድምፅ በለጠ። ማዶክስ ጥቁሮች ምግብ ቤቱ እንዳይገቡ በመጥረቢያ እጀታ ያስፈራራ የነበረ ሰው ነው። ሁለቱንም ያልወደዱ ከ50,000 በላይ ሰዎች ደግሞ የሌላ ሰው ስም በእጃቸው ጻፉ። የማንን? የኤሊስ አርናልን። በዚያ ዓመት ቅድመ ምርጫ በማዶክስ ተሸንፎ ነበር። የአርናል ድምፅ ሁለቱንም ከ50 በመቶ በታች አወረዳቸው፣ እንግዲህ ምክር ቤቱ ይምረጥ ተባለ። በ1947 ያን አንቀጽ ሲዋጋ የነበረው ሰው ደጋፊዎቹ በ1966 በሩን ከፈቱለት። ፎርትሰን አሁንም የግዛቱ ጸሐፊ ስለነበር የክሱ ስም ላይ እሱ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ይቻላል አለ። ምክር ቤቱ በዴሞክራቶች የተሞላ ነው፣ 182 ለ66 ማዶክስን መረጠ። ብዙ ድምፅ ያገኘው ካላዌይ ቤቱ ቀረ።

ይህኛው እኔን ከ1947ቱ በላይ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ማንም በር አልሰበረም፣ ማንም የሞተ አልመረጠም። ሁሉም በህጉ ነው የሆነው። ከዚያ በኋላ ነው ህገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ እንደገና ሕዝቡ ዘንድ ይቅረቡ የተባለው።

ሊያ ኤም፦

ማለት ጃንዋሪ 2021 በብርድ ለሁለቱ ሴናተሮች ዳግም የተሰለፍነው በዚህ ምክንያት ነው?

ፍሬው ከሕግ፦

የዚያ ቤተሰብ ነው። የድጋሚ ምርጫው አጠቃላይ ህግ የመጣው በ1964፣ ነጥቡ በወደቀ ማግስት ነው። ያመጣው ዴንማርክ ግሩቨር የሚባል የምክር ቤት አባል ነው፣ የዘር መለያየት ደጋፊ።

ሶስና፦

እና ለምን አመጣው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ነጮች ለብዙ ተወዳዳሪ ተከፋፍለው ጥቁሮች ባንድ ላይ ሆነው አንድ ሰው እንዳያሳልፉ ነው የሚሉ አሉ፣ ግሩቨር ራሱ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ ዘር ውስጡ እንደነበረበት አልካደም። በ2021 ግን በዚያው ህግ ዋርኖክ፣ ጥቁር ፓስተር፣ አሸነፈበት።

ደረጀ ኤስ፦

ይሄን ለብቻው ክር ክፈቺለት፣ እዚያ እንገናኛለን። እኔ ድጋሚ ምርጫን የምደግፍ ነኝ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ።

ሶስና፦

ቅዳሜ እከፍታለሁ። ተዘጋጅተህ ና።